ሞዴሉ ማሳዬን በሁለት ቀን ያደርቀዋል፤ ማሳው ግን እንቢ ብሏል

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ ከሩዝ ማሳ ውሃ ስለ ማጠንፈፍ ነው። ማሳው 50 በ100 ሜትር ነው፤ ዙሪያውን በአፈር ክትር ታጥሯል፤ አንድ ጥግ ላይ ሳንቃ የሚገባበት 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የውሃ መውጫ አለው። ውሃ በአፈር ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በሚያሰላው ሃይድረስ በተባለ ፕሮግራም ባለ አንድ አቅጣጫ ሞዴል ሠራሁ። አፈሩ ክሌይ ሎም (ሸክላ የበዛበት ድብልቅ አፈር) ስለሆነ ቁጥሮቹን ፕሮግራሙ ውስጥ ካለው ሠንጠረዥ ወሰድኩ፤ ከታች ደግሞ ውሃው በነፃ እንዲወርድ አደረግሁ። ሞዴሉ 10 ሴንቲሜትር ውሃ ሁለት ቀን ሳይሞላ ይጨርሰዋል። ማሳው ላይ የተከልኩት የውሃ ከፍታ መለኪያ ሜትር ግን መውጫው ተዘግቶ በቀን 11 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚቀንሰው። አማካሪዬ ‹ካሊብሬት አድርገው›፣ ማለትም ቁጥሮቹን ከማሳው ልኬት ጋር እስኪገጥሙ አስተካክል፣ ይለኛል፤ ጓደኞቼ ‹ወደ ድሬይንሞድ ቀይር›፣ ወደ ሌላ የማጠንፈፊያ ፕሮግራም፣ ይሉኛል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ከባድ ዝናብ ሲጥል ማሳው በስንት ሰዓት እንደሚለቅና ከአጨዳ በፊት መቼ መክፈት እንዳለብኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ፕሮግራም አትቀይር። ድሬይንሞድ ብትገባም እነዚያኑ ቁጥሮች ይዘህ ነው የምትገባው፤ መልሱም ያው ነው። ሃይድረስ አልተሳሳተም። ያሰላልህ ግን የሩዝ ማሳ አይደለም። በደረቁ የሚታረስ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት የሆነ መሬት ላይ 10 ሴንቲሜትር ውሃ ቢተኛ ምን እንደሚሆን ነው የነገረህ። እሱን ደግሞ በትክክል ነግሮሃል።

ቁጥሩን ራሱ እንየው። ሠንጠረዡ ለክሌይ ሎም የሚሰጥህ ውሃ የማሳለፍ አቅም በቀን 6.24 ሴንቲሜትር ነው፤ 62.4 ሚሊሜትር ማለት ነው። 100ን ለ62.4 አካፍል። አንድ ቀን ተኩል አለፍ ይላል። ሞዴልህ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ማካፈል። ያ ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1988 ከታተመ፣ በአሜሪካ አፈሮች ላይ ከተሠራ የአማካይ ስብስብ የመጣ ነው። የሸክላውንና የአሸዋውን ድርሻ ያውቃል። አንድ ገበሬ ያንን አፈር ውሃ ውስጥ ለዓመታት እንዳቦካው ግን አያውቅም። የሩዝ ማሳን የሩዝ ማሳ የሚያደርገው ደግሞ እሱ ማቡካት ነው።

ወደ ማሳው ግባና እግርህን ጭቃው ውስጥ ስደድ። ከላይ ውሃ አለ። ቀጥሎ 15 ሴንቲሜትር ገደማ የሚሆን ለስላሳ የቦካ ጭቃ ታገኛለህ፤ እግርህ ያለ ችግር ይሰምጣል። ከዚያ ድንገት ይቆማል። ተረከዝህ የነካው ያ ጠንካራ ነገር፣ በእርሻው ክብደትና በማቡካቱ ብዛት የታመቀ፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሚወፍር ንጣፍ ነው። ውሃውን ማሳው ላይ ያስቀመጠው እሱ ነው። ከሱ በታች ያለው አፈር እንደ ድሮው ነው፤ ውሃ በደንብ ያሳልፋል፤ ብዙ ጊዜም ከላይ ሐይቅ ተኝቶበት እሱ በውሃ አልተሞላም። እንግዲህ አንተ የማሳውን ክዳን አውልቀህ ነው ሞዴል የሠራኸው።

ንጣፉ ምን ያህል እንደሚያፍን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ውሃው 100 ሚሊሜትር፣ ጭቃው 150፣ ንጣፉ 70 ይሁን። ከንጣፉ በታች ያለው አፈር ውሃ ያልሞላው ከሆነ፣ ውሃውን የሚገፋው ጠቅላላ ከፍታ 320 ሚሊሜትር ነው፤ ይህን ለንጣፉ ውፍረት ብታካፍለው 4.6 ገደማ ይመጣል። በዚህ ንጣፍ በኩል በቀን 2 ሚሊሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ 0.44 ሚሊሜትር በቀን ነው ማለት ነው። ከሠንጠረዡ 140 ጊዜ ያህል ያነሰ። አንዲት መዳፍ የማትሞላ ንጣፍ የሞዴልህን መልስ ከ62.4 ወደ 2 ሚሊሜትር፣ 30 እጥፍ ያህል እየለወጠች፣ አንተ የፕሮግራም ስም ታማርጣለህ።

አሁን ‹ካሊብሬት አድርገው› ወደሚለው ምክር እንምጣ። አማካሪህ አይቀየመኝና፣ አሁን ባለህ መረጃ ብቻ ካሊብሬት ብታደርግ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። 11 ሚሊሜትር አንድ ቁጥር ነው። ውስጡ ግን ሦስት ነገር አለ፦ ከውሃው ገጽና ከቅጠሉ የሚተነው፣ በንጣፉ በኩል ወደ ታች የሚሰርገው፣ በክትሩ በኩል ወደ ጎን የሚወጣው። ሜትርህ ድምሩን ብቻ ነው የሚያየው። ኮምፒውተሩ ትነቱን ከፍ አድርጎ ስርገቱን ዝቅ ቢያደርግ፣ ወይም ተቃራኒውን ቢያደርግ፣ ግራፉ እኩል ያምራል። ፈታኞችህም ሊያጨበጭቡልህ ይችላሉ። በሚቀጥለው ወር አየሩ ሲለወጥ ግን ሞዴሉ ይወድቃል፤ ለምን እንደወደቀም አታውቅም።

መፍትሔው ርካሽ ነው። በርሜል ቁረጥ። አንዱ በርሜል ታቹ የተደፈነ ይሁን፤ ጭቃና የሩዝ ችግኝ አስገብተህ ማሳው ውስጥ ትከለው፤ ውሃውን ከውጪው እኩል አድርገው። እሱ የሚቀንሰው በትነት ብቻ ነው። ሁለተኛው በርሜል ሁለቱም ጫፉ ክፍት ይሁን፤ ጠንካራው ንጣፍ ውስጥ ጥቂት ሴንቲሜትር እስኪገባ ድረስ ምታው፤ ንጣፉን ግን በስተህ እንዳትወጣ። በሱም ውስጥ ችግኝ ይኑር። እሱ የሚቀንሰው በትነትና በቁልቁል ስርገት ነው። ማሳው ላይ ያለው ሜትር ደግሞ ሁሉንም ይቆጥራል። ለምሳሌ የተደፈነው 5፣ ክፍቱ 7፣ ማሳው 11 ሚሊሜትር ቢቀንስ፣ ትነቱ 5፣ ቁልቁል ስርገቱ 2፣ የጎኑ 4 ነው። መቀነስ ብቻ ነው፤ ሌላ ጥበብ የለበትም።

በዚህ ምሳሌ ትልቁ ስርገት የጎኑ መሆኑን አስተውል። ብዙ ሰው ክትሩን እንደ ግድግዳ ይቆጥረዋል። ክትሩ ግድግዳ አይደለም። አፈሩ ያልቦካ ስለሆነ ውሃው ወደ ጎን ይገባና ከክትሩ ሥር ቁልቁል ይወርዳል፤ ንጣፉን በዚያ በኩል ዞሮት ያልፋል። ባለ አንድ አቅጣጫ ሞዴል ይህን ሊያይ አይችልም፤ የሚያውቀው ላይና ታች ብቻ ነው። ቁጥሩን እንከተለው፦ 4 ሚሊሜትር በ5000 ካሬ ሜትር ላይ 20 ሜትር ኩብ ነው፤ የማሳው ዙሪያ 300 ሜትር ስለሆነ በእያንዳንዱ የክትር ሜትር በቀን 67 ሊትር ያህል ይወጣል። ይህንኑ ክትር 20 በ25 ሜትር ወደሆነች ትንሽ ማሳ ውሰደው። ዙሪያዋ 90 ሜትር፣ ስፋቷ 500 ካሬ ሜትር ነው። በጎን የምታጣው በቀን 12 ሚሊሜትር ይሆናል። አንድ አፈር፣ አንድ ክትር፤ የማሳው መጠን ብቻ ሦስት እጥፍ አደረገው። ስለዚህ ከትንሽ የሙከራ ማሳ የተገኘን የስርገት ቁጥር ወደ ትልቅ ማሳ ስታዛውር ተጠንቀቅ። ደግሞ ጎረቤት ያለው ማሳ ውሃው ከአንተው እኩል ከሆነ ወደዚያ ማሳ የሚሻገር ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ከክትሩ ሥር ቁልቁል የሚወርደው ግን ይቀጥላል። ይበልጥ የሚያፈሰው ወደ ቦይ ወይም ዝቅ ወዳለ ማሳ የዞረው ጎን ነው። ዝቅ ወዳለው ማሳ የሄደው ውሃ ደግሞ ለዚያ ማሳ ገቢ ነው፤ ሁለት ማሳ ስታያይዝ እንደ ጠፋ አትቁጠረው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ የአንድን ማሳ የስርገት ቁጥር ሳሳድድ ከረምኩ። በየቀኑ ይለዋወጥብኛል። ትነቱን ነካካሁ፣ ንጣፉን አሳሳሁ፣ አወፈርኩ። በመጨረሻ ማሳው ውስጥ በባዶ እግሬ ስዞር ከመውጫው ሳንቃ አጠገብ ቁርጭምጭሚቴን ቀዝቀዝ ያለ ነገር ነካኝ። ጎንበስ ብዬ በእጄ ስዳብስ ክትሩ ሥር ጡጫዬን የሚያስገባ የአይጥ ጉድጓድ ነበር። ያን ያህል ጊዜ ካሊብሬት ሳደርግ የከረምኩት አይጧን ነው። ሞዴል ከመክፈትህ በፊት ክትሩን ዞረህ እየው፤ ከውጭ በኩል እርጥብ የሆነ ቦታ ካለ እዚያ ጋ ቁም።

ስለ መለኪያውም ሁለት ቃል። ሜትሩ ጭቃ ላይ ብቻ ከቆመ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ጠንካራው ንጣፍ ላይ ባረፈ እንጨት ላይ ምታው። ነፋስ ውሃውን ወደ አንድ ዳር ይገፋዋል፤ ስለዚህ በሁለት ተቃራኒ ጎን አንብብ፤ ይሻላል ከተባለም ማለዳ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት። ሌሊት ትነት ስለሌለ የሌሊቱ ቅናሽ ስርገት ነው የሚለው ዘዴ ጥሩ ነው። ችግሩ ቅናሹ በ10 ሰዓት ውስጥ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ መሆኑ ነው፤ በማስመሪያ አይያዝም። በግፊት ሴንሰር እለካለሁ ካልክ ደግሞ የአየር ግፊቱን መቀነስ አትርሳ። አንድ ሚሊባር 10 ሚሊሜትር ውሃ ያህላል። በሞቃታማ አካባቢ የአየር ግፊት በየቀኑ 2፣ 3 ሚሊባር ከፍ ዝቅ ይላል። ይህን ካላረምክ ማሳህ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ባሕር መስሎ ይታይሃል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ፤ ማሳው በስንት ሰዓት ይለቃል? ለዚህ ሃይድረስ አያስፈልግህም። መውጫውን ስትከፍት ውሃው የሚሄደው በአፈሩ ሳይሆን በ30 ሴንቲሜትሩ ክፍተት ነው። በደፉ (ውሃው ተሻግሮት በሚወጣው የመውጫው ወይም የሳንቃው ጠርዝ) ላይ የሚያልፈው ውሃ መጠን የደፉ ስፋት ሲባዛ በ1.8 ገደማ፣ ሲባዛ ከደፉ በላይ ባለው የውሃ ከፍታ አንድ ተኩል ኃይል ነው፤ ሁሉም በሜትርና በሰከንድ። ሳንቃውን እስከ ማሳው ወለል አንስተህ ውሃው 10 ሴንቲሜትር ከሆነ በሰከንድ 17 ሊትር ይወጣል። በባልዲ ልለካው አትበል፤ 20 ሊትሩ ባልዲ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ አለፍ ብሎ ይሞላል። ሜትርህን አንብብ፤ በመጀመሪያው ሰዓት 12 ሚሊሜትር ገደማ መውረድ አለበት። በጣም ከራቀ የቀመሩን 1.8 በዚህ እውነተኛ ልኬት አስተካክል፤ ያ ነው ካሊብሬሽን የሚባለው።

ነገር ግን ውሃው ሲያንስ ፍሰቱ እጅግ ይደክማል። ከ10 ወደ 5 ሴንቲሜትር ለመውረድ 7 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ከ10 ወደ 2 ለመውረድ 20 ሰዓት ይፈጃል። ወደ 1 ሴንቲሜትር ለመድረስ 35 ሰዓት። ወደ ግማሽ ሴንቲሜትር 56 ሰዓት። ዜሮ ላይማ ቀመሩ ፈጽሞ አይደርስም። የመጀመሪያው ግማሽ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፣ የመጨረሻዋ ሴንቲሜትር ግን ቀናት ትጎትታለች። በማሳውም የምታየው ይኸው ነው፤ ማታ ‹ነገ ይደርቃል› ያልከው ማሳ በሦስተኛው ቀንም ያበራል። ትነቱና ስርገቱ በቀን 11 ሚሊሜትር ስለሚወስዱ በመጨረሻ የሚያደርቁት እነሱ ናቸው እንጂ መውጫው አይደለም።

የዝናቡም ስሌት ከዚህ ይወጣል። ሳንቃው እንደተቀመጠ፣ ውሃው ልክ በሳንቃው አናት ላይ እያለ በአጭር ጊዜ 60 ሚሊሜትር ዘነበ እንበል። 300 ሜትር ኩብ ውሃ ተጨመረ። በዚያ ጊዜ የሚወጣው በሰከንድ 8 ሊትር ብቻ ነው። ከሳንቃው በላይ ያለው ውሃ ከ60 ወደ 10 ሚሊሜትር እስኪወርድ 30 ሰዓት ይፈጃል፤ ትነትና ስርገቱ ትንሽ ያሳጥሩታል። መውጫውን ወደ 60 ሴንቲሜትር ብታሰፋው 15 ሰዓት ይሆናል። ጊዜው ከስፋቱ ጋር በተገላቢጦሽ ነው የሚሄደው፤ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው ግማሽ ይሆናል፤ አፈሩን ማሻሻል፣ ቱቦ መቅበር ምናምን ሳትል መጀመሪያ ይህችን ሞክር።

አብዛኛው ተማሪ የሚስተው ቦታ የጊዜ እርምጃው ነው፤ ሞዴሉ ስሌቱን በስንት ጊዜ ልዩነት እንደሚደግም ማለት ነው። የዝናብ መረጃ በቀን ስለሚገኝ ሞዴሉንም በቀን ያስኬዱታል። በሰከንድ 17 ሊትር በ24 ሰዓት ሲባዛ 1470 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ማሳህ ላይ ያለው 500 ብቻ ነው። ሞዴሉ ከሌለው ላይ ያፈሳል፤ ውሃው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ተማሪው ‹ከዜሮ ካነሰ ዜሮ በል› የሚል መስመር ይጨምርና ማሳው ሁልጊዜ በአንድ ቀን ይደርቃል። ስህተቱ ተደበቀ እንጂ አልጠፋም። በ10 ደቂቃ እርምጃ አስኪደው። ለዚህ ኤክሴልም ይበቃል።

ሁለት ነገር ደግሞ ከወረቀቱ ውጪ አሉ። አንደኛው ማሳው ጠረጴዛ አለመሆኑ ነው። ሦስት ሴንቲሜትር ከፍና ዝቅ የሚል ወለል በጣም የተለመደ ነው፤ እናም የመጨረሻዎቹ ሦስት ሴንቲሜትር የመውጫው ጉዳይ ሳይሆን የጉድጓዶቹ ጉዳይ ነው። ወደ መውጫው መንገድ የሌለው ውሃ መውጫው ቢሰፋም አይሄድም። 30 ያህል ነጥብ ላይ የወለሉን ከፍታ ለካ፤ በየውሃ ከፍታው ስንት ካሬ ሜትር እንደሚሸፈን ሠንጠረዥ ሥራ፤ ሞዴሉ ውስጥ 5000 የምትለውን ቋሚ ስፋት በሱ ተካ። በክትሩ ዳር ዳር በእጅ የተቆፈረች ትንሽ ቦይ ካለች እሷን አትርሳ፤ ብዙውን ጊዜ ከመውጫው የበለጠ ሥራ የምትሠራው እሷ ናት።

ሁለተኛው የተቀባዩ ቦይ ነው። በከባድ ዝናብ ጊዜ ቦዩም ይሞላል። ሰው ‹ቦዩ ደፉን ነክቷል፣ አለቀ› ይላል፤ አይደለም። በቦዩ ያለው ውሃ ከደፉ በላይ የማሳውን ግማሽ ከፍታ ቢደርስ እንኳ ፍሰቱ የሚቀንሰው 15 በመቶ ገደማ ነው። ስምንት አሥረኛ ሲደርስ 40 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ግን በፍጥነት ይሞታል፤ ቦዩ ከማሳው ሲበልጥ ደግሞ ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ቦዩ ውስጥም መለኪያ ሜትር ተክለህ የውሃውን ከፍታ በዝናብ ቀን አንብብ። ብዙ ማሳዎችን በአንድ ቦይ አያይዘህ መሥራት ከፈለግክ ስዊም (SWMM) የሚባለው የከተማ ጎርፍ ፕሮግራም እያንዳንዱን ማሳ እንደ ገንዳ፣ መውጫውን እንደ ደፍ አድርጎ በደንብ ይይዝልሃል፤ ለሩዝ ተብሎ ባይሠራም ለዚህ ሥራ ከሃይድረስ ይሻላል።

በነገራችን ላይ ሁሉም ሰው ማሳው ቶሎ እንዲለቅ አይፈልግም። ጃፓን ኒጋታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ አንድ አሠራር አለ፤ መውጫው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ሳንቃ ያስገቡና ከባድ ዝናብ ሲመጣ ማሳው ውሃውን ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል፤ ታች ያለው ከተማ እንዳይጥለቀለቅ። 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያላት ክብ ቀዳዳ 15 ሴንቲሜትር ውሃ ቢጫናት የምታሳልፈው በሰከንድ 2 ሊትር ነው። አንተ የምትሠራው ሞዴል ለዚህም ይሆናል፤ የደፉን ቀመር በቀዳዳ ቀመር መለወጥ ብቻ ነው።

የአጨዳው ጥያቄ ከዝናቡ ይከብዳል። በብዙ ቦታ የሚሰጠው ምክር ከአጨዳ 7 እስከ 10 ቀን በፊት ክፈት የሚል ነው፤ ሸክላው ከባድ ከሆነ ቀደም፣ አሸዋማ ከሆነ ዘግየት። የገጹ ውሃ ከላይ ባየነው መንገድ በሁለት ቀን አካባቢ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ግን ጭቃው የሚጠነክረው ውሃው ወደ ታች ስለሚወርድ ነው ብለህ ካሰብክ ተሳስተሃል። ንጣፉ በቀን 2 ሚሊሜትር፣ የተኛው ውሃ ሲጠፋማ ከዚያም ያነሰ ነው የሚያሳልፈው። ጭቃውን የሚያደርቀው ራሱ ሩዙና ፀሐዩ ናቸው። ሩዙ ደግሞ ሲበስል መጠጣቱን ይቀንሳል። ጭቃው ሰውና ማሽን እንዲሸከም 20 ሚሊሜትር ማጣት አለበት እንበል፤ በቀን 5 ቢያጣ አራት ቀን ነው፤ በአራተኛው ቀን 20 ሚሊሜትር ቢዘንብ ወደ መጀመሪያው ተመለስክ። ስለዚህ አንድ ቀን ቆርጠህ አትጻፍ። ያለህን የብዙ ዓመት ዝናብ በሞዴሉ አስኪድና ከአምስት ዓመት በአራቱ የሚበቃውን ቀን ውሰድ። ቀደም ብዬ ልክፈት የሚለውም አያዋጣም፤ ፍሬው ሳይሞላ ከደረቀ ምርቱ ይቀንሳል። በአበባ ጊዜ ደግሞ ጨርሶ እንዳታደርቀው።

ሃይድረስ የሚያስፈልግህ እዚህ ጋ ነው፤ የገጹ ውሃ ካለቀ በኋላ። ያኔ ሦስት ንብርብር ስጠው፤ ጭቃ፣ ንጣፍ፣ የታችኛው አፈር። የንጣፉን ቁጥር ከክፍቱ በርሜል አምጣ፤ ከሠንጠረዡ አትውሰድ። ለታችኛው አፈር በነፃ የሚወርድ ድንበር የሚሆነው የከርሰ ምድር ውሃው ሩቅ ከሆነ ብቻ ነው፤ ቅርብ ከሆነ የውሃውን ጥልቀት ራሱን ስጠው። የላይኛውን ድንበር በተመለከተ፣ ሁለት ቀን ስለፈጀብህ ውሃ የሚጠራቀምበትን አማራጭ መርጠሃል ማለት ነው፤ ደግ። ሌላኛው የተረፈውን ውሃ ወዲያው እንደ ጎርፍ ይጥለዋል፤ የሩዝ ማሳህን ውሃ አልባ ያደርገዋል። የሚጠራቀመውን ከፍተኛ ከፍታ ከሳንቃው አናት ጋር አንድ አድርግ። ውጤቱን ለማመሳከር ጎኑ የተበሳሳ ቱቦ ጭቃው ውስጥ ትከል፤ ውሃውን እያፈራረቁ ለሚያጠጡ ገበሬዎች የሚመከረው ዓይነት፣ 30 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው፣ የታችኛው ግማሹ የተበሳሳ። ውስጡን ጭቃ አውጣለት። ንጣፉን ግን እንዳይበሳው፤ ከበሳው አንተው ራስህ አዲስ ማፍሰሻ ሠራህ።

ሞዴልህ የማይችለውንም እወቅ። ሸክላው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ንጣፉ ድረስ ከወረደ በኋላ መልሰህ ውሃ ብታስገባ፣ ውሃው ጭቃውን ሳያርስ በስንጥቁ ይሰምጣል፤ ስንጥቁም ወዲያው አይደፈንም። ሃይድረስ ለዚህ የሚሆን ሁለት መንገድ ያለው አፈር የሚባል አማራጭ አለው፤ የሚጠይቅህን ቁጥሮች ብዛት ስታይ ግን ትተወዋለህ። በአንተ ደረጃ የምመክረው ቀላል ነው፤ ከመሰንጠቁ በፊትና በኋላ ሁለት የተለያየ የስርገት ቁጥር ያዝ፤ ሁለቱንም በበርሜል ለካ። በአንዱ ወቅት ያስተካከልከውን በሌላው አትጠቀም።

ድሬይንሞድን ያነሱት ጓደኞችህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። እሱ የተሠራው ጎን ለጎን የተቀበሩ ቱቦዎች ወይም ቦዮች ላሉት፣ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ለሆነ መሬት ነው። ማሳህ ሥር ቱቦ ከሌለ ምንም አያደርግልህም። ወደፊት ቱቦ ከተቀበረም ርቀቱን በሆግሃውት ቀመር ብቻ አታስላ፤ ያ ቀመር የከርሰ ምድር ውሃ ከገጹ በታች ላለ መሬት ነው። ውሃ ለተኛበት መሬት የአፈር ተመራማሪው ኪርክሃም እ.ኤ.አ. በ1949 የሠራው መፍትሔ አለ። ሁለቱም ቢሆኑ ከቱቦው በላይ ያለው ንጣፍ ካልተከፈተ ቱቦው ደርቆ ይቀመጣል።

ስለዚህ ሥራህን በዚህ ቅደም ተከተል አድርገው። ሃይድረስን ለጊዜው ዝጋ። ክትሩን ዞረህ ቀዳዳ ፈልግ። በርሜሎቹን ትከል፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ዝናብ የሌለበት ጊዜ አንብብ። የመውጫውን ስፋትና የደፉን ከፍታ፣ የወለሉን ነጥቦች ለካ። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ሳንቃውን አንሳና እስኪያልቅ ድረስ በየሰዓቱ አንብብ፤ ሌሊቱንም ጭምር። በ10 ደቂቃ የሚሄድ ቀላል የገንዳ ሞዴል ሥራ፤ ያንን አንድ የማፍሰስ ቀን ካላሳየህ ወደ ሚቀጥለው አትሂድ። ያ ሲሳካ ባለ ሦስት ንብርብሩን ሃይድረስ ክፈትና የአጨዳውን ቀን ጠይቀው። በርሜሉን ስትቆርጥ ጠርዙን በሞረድ ማለስለስ አትርሳ፤ እዚያ ጭቃ ውስጥ የምትዞረው በባዶ እግርህ ነው።